ደሴ ላይ የቢሮ ስልካችንን ያስተካከለልን ባለሙያ

ፒያሳ ያለው ቢሯችን 8 የውስጥ ስልክና 2 የውጭ መስመር አለው፤ ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ የስልክ ማከፋፈያ ማሽን ነው። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ የውጭ መስመሮቹን ማሽኑ ላይ ኤፍኤክስኤስ የሚባለው ቀዳዳ ላይ ሰክቷቸው ሄደ። እሱ እኮ የውስጥ ስልክ መሰኪያ ነው! ለስልኩ ኃይል ራሱ ይሰጣል፤ ከውጭ የሚመጣው መስመር ደግሞ የራሱን 48 ቮልት ገደማ ይዞ ስለሚመጣ መግባት ያለበት ኤፍኤክስኦ የሚባለው የውጭ መስመር መሰኪያ ላይ ነው። ማሽኑ አለመቃጠሉ ፈጣሪ ሲጠብቀን ነው።

ከሸዋበር የጠራነው ሁለተኛው ግን ወላሂ ጎበዝ ነው። ማሽኑን ሳይነካ በፊት መስመሮቹን አንድ በአንድ በተራ ስልክ ሰክቶ አዳመጠ። አሁን 9 ስንጫን ወደ ውጭ እንወጣለን፣ ከውጭ የሚደወለው ቀጥታ ጸሐፊያችን ጋ ይጠራል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። ደዋዩ ዘግቶም መስመሩ እንደተያዘ ይቀር ነበር፤ ባለሙያው ግን ደዋዩ ሲዘጋ የሚሰማውን ጡጥ ጡጥ የሚል ድምፅ ማሽኑ እንዲለየው አድርጎ አስተካከለው፣ ተገላገልን።

ዋጋው ወደድ ይላል። 3 ቀን ማስጠበቁም አልተመቸኝም። ግን የትኛው ገመድ የት እንደገባ በእጁ ጽፎ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፎልናል።