የፓይተኑ «ኦኤስ ዎክ»፦ ጠንካራ ግን ዝምተኛ መሣሪያ

በአንድ ፎልደርና በንዑስ ፎልደሮቹ ሁሉ ያሉትን ፋይሎች ለመዘርዘር፣ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን በመደበኛ ላይብረሪው (አብሮት በሚመጣው የዝግጁ ኮድ ስብስብ) የሚያቀርበው «ኦኤስ ዎክ» የተባለው ፈንክሽን ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በደረሰበት ፎልደር ሁሉ የፎልደሩን አድራሻ፣ የንዑስ ፎልደሮቹን ስምና የፋይሎቹን ስም ለይቶ ያስረክባል፤ ዋናው ብልጫው ግን ከላይ ወደ ታች በሚጓዝበት ጊዜ የማንፈልገውን ንዑስ ፎልደር ከዝርዝሩ ላይ እዚያው ብንሰርዘው ወደዚያ ጨርሶ አለመግባቱ ሲሆን፣ ይህም እንደ «ኖድ ሞጁልስ» (የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ፓኬጆች ማስቀመጫ) ያለ በፋይል የታጨቀ ፎልደር ባለበት ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ቨርዥን 3.5 ጀምሮ የፎልደርን ይዘት ፈጥኖ በሚያነበው «ስካንዲር» በተባለው ፈንክሽን ስለሚሠራ ፍጥነቱም በጉልህ ተሻሽሏል።

ቅር የሚያሰኘኝ ዝምታው ነው። የማንበብ ፈቃድ የሌለንን ፎልደር ሲያገኝ፣ «ኦንኤረር» የተባለውን አማራጭ ካልሰጠነው በቀር፣ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል፤ ለባክአፕ ፕሮግራም ይህ አደገኛ ነው።

ፓዝሊብ በተባለው የፓይተን የፋይል አድራሻ ሞጁል ውስጥ ያለው «አርግሎብ» ፋይሎችን የመፈለጉ ሥራ በአንድ መስመር ስለሚያልቅ ለአጭር ሥራ ይማርካል፤ ሆኖም በመንገድ ላይ ፎልደር እየመረጡ መዝለልን አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከፓይተን ቨርዥን 3.12 ጋር የመጣው የዚሁ የፓዝሊብ «ፓዝ ዎክ» ይህን ክፍተት ሞልቷል፤ ስሕተትን በዝምታ የማለፍ ልማዱን ግን እሱም አልተወም።