ሁለቱ ሬምብራንቶች፦ ጌታውና ሠራተኛው

የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንዳዊ ሠዓሊ ሬምብራንት የራሱን መልክ ለኅትመት በመዳብ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ቀርጿል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1639 የሠራው ባለ ከፋይ ቆቡ ነው፤ ክንዱን በድንጋይ መደገፊያ ላይ አሳርፎ፣ ፀጉሩን ትከሻው ላይ ለቅቆ፣ እንደ ጣልያን መኳንንት ገልመጥ ያደርገናል። በዚያው ዓመት አምስተርዳም ውስጥ በጊዜው የኔዘርላንድ ገንዘብ በ13,000 ጊልደር ቤት ገዝቶ ነበር (ክፍያውን ግን ለዓመታት አልጨረሰውም!)። በ1648ቱ ተራ የሥራ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ መስኮት ሥር ተቀምጧል።

በኔዘርላንድ ከተሞች ሠዓሊ እንደ ሌላው የእጅ ባለሙያ በማኅበር፣ በቅዱስ ሉቃስ ማኅበር፣ ይታቀፍ ነበር። የመጀመሪያው ምስል ከዚያ በላይ ለመታየት ይንጠራራል፤ ሁለተኛው በሙያው አያፍርም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ እጁ ከሥራው ሳይነሣ ዓይኑ ብቻ ቀና ብሏል።