ጠባሴ ያለው የማታ የጀርመንኛ ክፍል እንዴት ነው?

ሰሞኑን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ልጻፈው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ያለው የማታ የጀርመንኛ ክፍል ገንዘቡን ያወጣል ወይ? አዎ፣ ያወጣል። ኤ1ን (የመጀመሪያውን ደረጃ) እዚያ ጨርሻለሁ። ክፍያው በወር ከአንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ዋጋ ብዙም አይርቅም። በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት።

ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሳጠና አንድ ሴሚስተር ጀርመንኛ ወስጄ ነበር። ክፍሉ ጢም ያለ ስለነበር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልናገር ፈተናውን አልፌ ወጣሁ። እዚህ ግን 11 ነን፤ መናገር ግዴታ ነው። መምህሯ ራሷ ጀርመንኛን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረች ናት፣ ያስታውቃልም። ቃል አሸክማን አትሄድም። ለምን እንደዚያ እንደሚባል በአማርኛ አስረድታ ነው የምታልፈው።

አንድ ማታ «ቫይል» ላይ ሁላችንም ተቸገርን። «ስለ» እንደማለት ነው፣ እሱ ሲመጣ ግሱ ቦታ ይቀይራል። እኛ በእንግሊዝኛ እያሰብን ግሱን መሃል እንከተዋለን። እሷ «እንግሊዝኛውን ተዉት፣ በአማርኛ አስቡት» አለችን። ደብረ ብርሃን ስለምኖር ስንል መኖሩ መጨረሻ ላይ አይደል? ጀርመኖቹም «ቫይል ኢሽ ኢን ደብረ ብርሃን ቮነ» ብለው ግሱን ጫፍ ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ወዲህ እዚህ ላይ ተሳስቼ አላውቅም። «ቡኽ» (መጽሐፍ) ላይ ያለችውን የጉሮሮ ድምፅ ደግሞ ኽ ብለን ያዝናት፣ ከእንግሊዝኛው ኬ በጣም የተሻለች ናት።

የሚያስቸግረው ፆታው ነው። ስም ፊት የሚገቡት ዴር (ለወንድ)፣ ዲ (ለሴት)፣ ዳስ (ሁለቱንም ላልሆነ)። ፀሐይ እንደኛው ሴት ናት፤ ጨረቃ ግን ወንድ ነው፤ «ሜድሸን» ማለትም ልጃገረድ ደግሞ ወንድም ሴትም አይደለችም፣ ቃሉ የማቆላመጫ «ሸን» ስላለው ብቻ። ይሄን በመሸምደድ እንጂ በሌላ መንገድ የሚገፋው የለም። ከክፍላችን ሦስት ሰዎች ትምህርቱን ያቋረጡት እዚህ ላይ ነው፣ በጣም አዝኛለሁ፤ አንድ ወር ቢታገሱ ኖሮ ይለምዱት ነበር።

አብዛኛው ተማሪ የሚመጣው ጀርመን ለመሄድ ነው። ጥሩ ዓላማ ነው፣ ግን ስሌቱን ከወዲሁ እወቁት። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ እውነት ነው። ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። በዚያ ላይ ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሂሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) የሚቀመጠው ገንዘብ በፈረንጆቹ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል። በጀርመንኛ ለሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ሲ1 (ከፍተኛ ደረጃ) አካባቢ ይፈለጋል። ኤ1 ይዞ ይሄን ማሰብ ገና ጣርማ በር ሳይደርሱ ደሴ ገባሁ እንደማለት ነው።

እኔን ወደ ጀርመንኛ የመለሰኝ ሌላ ነገር ነው። የአንኮበር ልጅ ነኝ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በፈረንጆቹ 1839 ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀምጧል። ጉዞውን በ1858 ያሳተመው በጀርመንኛ ነው። ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ አውጉስት ዲልማንም በ1857 የግዕዝ ሰዋስው ያሳተመው በጀርመንኛ ነው፤ በ1906 አክሱም ላይ ያጠናው፣ ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ቡድን ውጤትም እንዲሁ። ስለ አገራችን የተጻፈ ይሄን ያህል ነገር እያለ በሰው ትርጉም ብቻ መጠበቅ ያንገበግበኛል። ታሪክ፣ ግዕዝ ወይም ቅርስ የምታጠኑ ልጆች ካላችሁ፣ በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። ኤ1 እነዚህን መጻሕፍት አያስነብብም፣ ግን የክራፕፍን አንድ አንቀጽ ከመምህሯ ጋር ቁጭ ብለን መዝገበ ቃላት እያገላበጥን በሁለት ማታ ጨረስን። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ጉድለቱም አለ። የማዳመጥ ልምምዱ ደካማ ነው። በአንዲት ትንሽ ስፒከር ነው የምናዳምጠው፣ መብራት ከሄደ ደግሞ እሱም የለም። ይሄን እኔ የሞላሁት በዶቼ ቬለ ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት ነው። እናትና አባቶቻችን ለዜና የሚያዳምጡት ጣቢያ ቋንቋውንም ያስተምራል፣ ተጠቀሙበት። ምስክር ወረቀቱን ደግሞ ክፍሉ አይሰጥም። እኔ ለፈተናው አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት (የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም) ልሄድ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ግድም፤ ትራንስፖርቱንም ቁጠሩት።

ክፍሉ ሲመሽ በጣም ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። ፊት ወንበር ተቀመጡ፣ ኋላ ድምፁ በደንብ አይሰማም። የኤ2 ምዝገባ ተከፍቷል፣ እኔ ትናንት ከፍያለሁ።