የመማሪያ ክፍል የወለል መቀርቀሪያ፦ ለስለት በቂ፣ ለጥይት ግማሽ መፍትሔ

ይህ መቀርቀሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ከበሩ ሥር የብረት ሰሌዳ በወለሉ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ አደጋ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ካለው ሳጥን የሚወጣ ወፍራም ዘንግ በሰሌዳው ቀዳዳ ይገባና ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ስንፈትነው ሁለት ጠንካራ ሰዎች በትከሻቸው ቢገፉትም በሩ ከላይ በኩል ጥቂት ጎበጥ ከማለት በቀር አልተከፈተም። በጥንካሬው ነቀፋ የለኝም።

ቅሬታዬ አብሮት በመጣው መመሪያ ላይ ነው። መመሪያው ቢላዋንና ሽጉጥን ሳይለይ «የታጠቀ አጥቂ» በሚል ያጠቃልላቸዋል፤ ሥዕሉም ተማሪዎች በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆመው ያሳያል። ስለት የያዘ ሰው ለመጉዳት የግድ አጠገብ መድረስ ስላለበት የተቀረቀረ በር ያቆመዋል፤ ጥይት ግን ተራውን የእንጨት በር በስቶ ስለሚያልፍ፣ ሥዕሉን የተከተለ ተማሪ ራሱን ዒላማ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች በሽጉጥ በተገደሉበት ዕለት፣ በአንዱ ክፍል የነበሩ ተማሪዎች በሩን በጠረጴዛ ይዘው ገዳዩን ከውጭ አስቀርተውታል፤ እሱ ግን በበሩ ላይ ተኩሷል። ከጥይቱ መትረፋቸው ዝቅ ብለው በመያዛቸውም ጭምር ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ዲሴምበር 14 ቀን 2012 በግልጽ ታይቷል። በቻይና ቼንፔንግ መንደር ቢላዋ የያዘ ሰው ከ20 በላይ ተማሪዎችን ቢወጋም ሁሉም ተረፉ፤ በዚያው ዕለት በአሜሪካ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት በጠመንጃ 20 ሕፃናትና 6 ጎልማሶች ተገደሉ። እርግጥ ቢላዋም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ኦሳካ በአንድ ትምህርት ቤት 8 ሕፃናት በስለት ሞተዋል።

ሌላው ጉድለት ሳጥኑ ማኅተምም ሆነ የማንቂያ ደወል የሌለው መሆኑ ነው፤ ክፉ ያሰበ ሰው ከሰለባው ጋር ገብቶ በሩን ሊቀረቅርበት ይችላል። ከውጭ የሚከፍተው ቁልፍ አለ፤ ነገር ግን ከአንድ በላይ አይሰጥም። ተጨማሪ ቁልፍ ከተሰጠና ከበሩ ትይዩ ገለል ብሎ ከግድግዳው ጎን ዝቅ ማለትን የሚያሳይ አዲስ ሥዕል ከተለጠፈ፣ ለማንኛውም ግቢ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ግን የጦር መሣሪያ በብዛት በሚገኝበት አካባቢ ላለ ካምፓስ ብቻውን አይበቃም።