ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ እስክትገኝ ላልተኙልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ መካኒክ ለማመስገን ነው። ዕድሜዋ የገፋ፣ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላት የስፖርት መኪና የምትነዱ በተለይ አንብቡልኝ።

አንድ ጠዋት፣ ከመንገድ በፊት የመኪናዬን ዘይት ልይ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስስበው ትንሽ ያዘ አደረገኝና ቀጭ አለ። ወጣ፤ ግን አጥሮ ወጣ። ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚል ምልክት ያለበት የታችኛው የፕላስቲክ ጫፍ የለም። ክው አልኩ።

መጀመሪያ የደወልኩበት ጋራዥ «ፕላስቲክ አይደል እንዴ? ታች ይቀመጣል፣ ምንም አይልም፣ አስነሳና ና» አለኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ጓደኛዬ የሌላ መካኒክ ስልክ ሰጠኝ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ «ቁልፉን ከመኪናዋ አውጣና ኪስህ ክተተው። እንዳታስነሳት! ተጭና ትምጣ» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ስደርስ አስረዱኝ። ዘይት የሚስበው ቧንቧ አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት አለው። ትልቅ ስብርባሪ ወደ ፓምፑ አያልፍም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ወንፊቱ ላይ ከተለጠፈ የዘይቱን መንገድ ያጠባል። ቱርቦው ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ተሸክሞ የሚያቆየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። እዚያ ላይ ዘይት ለጥቂት ሰከንድ ካነሰ፣ ጉዳቱ ከአንድ ዘንግ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ቀጭን ካሜራ በመለኪያው ቱቦ ውስጥ ሰደዱ። ስክሪኑ ላይ የተሰበረው ጫፍ ታየን፤ ቱቦው ከሚታጠፍበት ላይ ጋደም ብሎ ተቀርቅሯል። እኔ ብሆን በካቻቢቴ እነካካው ነበር። እሳቸው ግን «ከነካኸው ይወርዳል» ብለው እጄን መለሱኝ። ማግኔትም ፕላስቲክ አይስብም። አንድ ቀጭን የብረት ሽቦ አመጡ፣ ጫፉን በሞረድ አሳስተው ትንሽ መንጠቆ አደረጉት። ካሜራው የገባበትን ርቀት ለክተው ሽቦው ላይ በፕላስተር ምልክት አደረጉ። ካሜራውን አወጡና ሽቦውን አስገቡ። ምልክቱ ቱቦው አፍ ላይ ሲደርስ ቆሙ። ትንሽ አለፍ አደረጉት፣ ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ሩብ ዙር አዞሩ፣ ከዚያ በጣም በዝግታ መሳብ ጀመሩ። አጠገባቸው የቆመው ልጅ ትንፋሹን ይዞ ነበር። እኔም እንደዚያው። ጫፉ ወጣ!

እኔ ያለቀ መስሎኝ አመሰገንኩ። ጋሼ ግን ነጭ ጨርቅ ዘረጉ። ከዘንጉ ጋር የቀረውን ስብራትና የወጣውን ጫፍ አገጣጠሟቸው፤ ከጎኑ አዲሱን ዘንግ አስተኙ። አዲሱን ያዘዙት በሻንሲ ቁጥሯ ነው፤ መልኩ አንድ ሆኖ ርዝመቱ የሚለይ ስላለና እሱ ከገባ ዘይቱን አሳስቶ ስለሚያነብ። ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ጥግ ጎደለ። የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል። «ይህቺ የት ገባች?» አሉ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ዘይቱን በንጹህ መያዣ ላይ አወረዱት፣ አጣሩት። የለችም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው በቃ ይል ነበር። የስፖርት መኪና የዘይት ቋት (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት) ግን ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ በኃይል ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን እንዳይሸሽ ውስጡ መከፋፈያ አለው። ከመከፋፈያው ጀርባ የገባ ነገር በማፍሰሻው ቀዳዳ አይወጣም። የእኔዋን ቋት ለማውረድ ደግሞ ከሥሯ ያለውን ተሸካሚ ብረት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ሥራ ነው። ጋሼ ሥራውን፣ ሰዓቱንና ሂሳቡን ነገሩኝና «መኪናዋ ያንተ ናት፣ ውሳኔውም ያንተ። እኔ ግን ሳላያት አስነሳ አልልህም» አሉኝ። ይውረድ አልኩ።

ቋቱ ሲወርድ ትንሿ ስባሪ ወንፊቱ አጠገብ ተለጥፋ ተገኘች። እግረ መንገዷንም ጥቁር ዝቃጭ ከወንፊቱ ዙሪያ ወጣ፤ ሙልጭ አድርገው አጠቡት። ስባሪዋን ጨርቁ ላይ ቦታዋ አስቀመጧት። ገጠመች። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አገጣጠማቸው ላይ ብዙ አልልም፣ ግን ሁለት ነገር አይረሳኝም። የአሉሚኒየም ቋት ብሎን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ስለሚበላ፣ እያንዳንዷን በልክ በሚያጠብቅ ቁልፍ፣ ተራ በተራ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እየተሻገሩ አሰሩ። ቋቱን የሚያሽገው ሲሊኮን እንዲደርቅም አሳደሩት። በማግስቱ በአዲስ ፊልትሮና መጽሐፏ ላይ በተጻፈው ልክ በተለካ ዘይት ሞሉ። ነዳጁን ቆርጠው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን በስታርተር አዞሩት፣ ከዚያ ነው ያስነሱት። ካጠፉም በኋላ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቀው በአዲሱ ዘንግ ለኩ። ከላይኛው ምልክት ላይ ቁጭ አለ። ዘንጉ ልክ መሆኑን ያረጋገጡት እንደዚህ ነው።

ለእናንተም የነገሩኝን ልንገራችሁ። ይህ ፕላስቲክ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሆናል። ስለዚህ አትመንጭቁት። መጀመሪያ በቀስታ አዞር አዞር አድርጉት፣ የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ ሲላቀቅ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ለብ ባለ ሞተር ላይ፣ ሜዳ ቦታ፣ ካጠፋችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለኩ። ቀለሙ ከነጣ ወይም ስንጥቅ ካያችሁ ሳይሰበር ቀይሩት። በብዙ ሞተር ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር አካባቢ ስለሆነ፣ ያለ መለኪያ በግምት መሙላትም አያዋጣም።

ሂሳቡ ላይ ያኔ ከነገሩኝ አንዲት ሳንቲም አልጨመሩም። ስማቸውን እዚህ ልጽፍ ብዬ ብለምናቸው «ተወኝ ልጄ፣ ሰው ከላክህ ይበቃል» አሉኝ። ስለዚህ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ትዕግሥት ግን ያዙ፤ አንድ መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም።

ሦስቱን ስብርባሪዎች በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ሰጥተውኛል። አሁንም መኪናዬ ውስጥ ናቸው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜ ይስጥልኝ።