አይቪና ቀርከሃ፦ የቪክቶሪያ ዘመን የብር ጌጥ ሁለት ምንጮች
በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1837–1901) በእንግሊዝ በተሠሩ የብር ዕቃዎች ላይ፣ በ1840ዎቹ የገነነው የዕፅዋት ቅርጽና ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የጃፓን ስልት ትርጉም የሚሸከሙት በተለያየ መንገድ ነው። በቀደመው ስልት የሻይ ማንቆርቆሪያው እጀታ እንደ ቅርንጫፍ ይጠማዘዛል፣ ገላውም በሐረግ ይሸፈናል፤ የተጠመጠመበትን ግንድ የማይለቀው አይቪ የተባለው ሐረግ፣ ዕፅዋትን እንደ ፊደል ያነብ ለነበረው የዘመኑ ሰው የታማኝነት ምልክት ስለነበር፣ ለሙሽሮች የሚሰጥ ዕቃ ላይ ሲቀረጽ ከጌጥነቱ ይልቅ ቃል ኪዳንነቱ ያመዝናል።

የኋለኛው ምንጭ ባሕር ማዶ ነው። በ1862 በለንደን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የታዩት የጃፓን ዕቃዎች ቀርከሃን፣ ማራገቢያንና ወፎችን ወደ እንግሊዝ ብር አመጡ፤ ሆኖም በጃፓን ጽናትን የሚያመለክተው ቀርከሃ ለብዙ እንግሊዛውያን የሩቅ አገር ውበት ብቻ ነበር። ከ1876 እስከ 1877 ጃፓንን የጎበኘው ንድፍ አውጪ ክሪስቶፈር ድሬሰር ግን ጌጡን ትቶ የቅርጹን ቁጥብነት ወሰደ፤ በእኔ እምነት የጃፓንን ጥበብ በጥልቀት የተረዳው እርሱ ነው።