የሞኑመንታ ዲጂታል ክምችት ለጥንቷ ቦሄሚያ አጥኚ

ሞኑመንታ ጌርማኒያይ ሂስቶሪካ በ1819 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተጀመረ የመካከለኛው ዘመን ምንጮች የኅትመት ሥራ ነው። ቅጾቹ ዛሬ ከነገጽ ምስላቸው በነፃ በኢንተርኔት ይነበባሉ። የቼክ ምድርን የመጀመሪያ ምዕተ ዓመታት ለሚያጠና ሰው በጣም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የተሰናዳው ለጀርመን ታሪክ ስለሆነ የቦሄሚያ (የምዕራቡ የቼክ ምድር) ነገር በየቅጹ ተበታትኖ ነው የሚገኘው።

ጀማሪን ቶሎ የሚያሳስተው የዕትም ጉዳይ ነው። የፕራጉን ታሪክ ጸሐፊ የኮስማስን ዜና መዋዕል የሚፈልግ ሰው ሁለት ኮስማሶችን ያገኛል፦ የኮፕከን የ1851 ዕትም (ስክሪፕቶሬስ ማለትም የታሪክ ጸሐፊዎች ክፍል፣ ቅጽ 9) እና የብሬትሆልትስን የ1923 ዕትም (አዲሱ ተከታታይ፣ ቅጽ 2)። መያዝ ያለበት የ1923ቱ ነው። በፉልዳ ገዳም ስም የሚጠራው የምሥራቅ ፍራንኮች ዜና መዋዕልም እንዲሁ የፔርትስ የ1826 እና የኩርትሰ የ1891 ዕትም አለው። ስለዚህ ሲጠቅሱ መጽሐፉንና ምዕራፉን ከነዕትሙ ዓመት ይጻፉ፤ የገጽ ቁጥር ብቻውን አንባቢን ወደ ሌላ ቅጽ ይወስደዋል።

የቃል ፍለጋው ብዙ አያስተማምንም። የሕዝቡ ስም አንድ ጊዜ ቦኤማኒ፣ ሌላ ጊዜ ቤሄሚ ወይም ቦኤሚ ተብሎ ይጻፋል፤ የመሳፍንቱ ስምማ ጸሐፊው እንደሰማው ነው። የሚሻለው በዓመት መሄድ ነው። በፍራንኮች መንግሥት ዜና መዋዕል 805ን ይክፈቱ፤ የሻርለማኝ ልጅ ሻርል ዘምቶ ሌኾ የተባለው መስፍን የተገደለበት ዓመት ነው። ከዚያ በፉልዳው 845 (14 መሳፍንት ከምሥራቅ ፍራንኮች ንጉሥ ከሉድቪግ ጀርመናዊው ዘንድ መጥተው ተጠመቁ)፣ 872 እና 895 ይከተላሉ። ከእነዚህ ዓመታት የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ቦሄሚያ ገና አንድ ገዥ እንዳልነበራት ነው።

ሳሞ የተባለውን የ7ኛው ክፍለ ዘመን የስላቮች ገዥ የሚሹ የፍሬደጋርን የፍራንኮች ዜና መዋዕል በክሩሽ የ1888 ዕትም፣ መጽሐፍ 4፣ ምዕራፍ 48 እና 68 ላይ ያገኙታል። ሳሞ ፍራንካዊ ነጋዴ እንደነበረና 35 ዓመት እንደገዛ ተጽፏል። ቦሄሚያ የሚል ቃል ግን እዚያ የለም፤ ሳሞ ፍራንኮችን ያሸነፈበት ቮጋስቲስቡርግ የት እንደነበረም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይህን ሳያዩ «የመጀመሪያው የቼክ መንግሥት» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

ወደ ኮስማስ ስንመለስ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ቁጥራቸው ብቻ ተደርድሮ ምንም ያልተጻፈባቸው ዓመታት አሉ። ገጹ ተቆርጦ ወይም ምስሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ የሚሞላው ነገር አጥቶ ባዶ የተዋቸው ናቸው። ዓመት መቁጠር የሚጀምረው ከ894 ሲሆን፣ የመስፍን ቦርዚቮይን ጥምቀት እዚያ ያስቀምጣል። አጥማቂው የስላቮች ሐዋርያ የሚባለው ሜቶዲዮስ ነው ይላል፤ ሜቶዲዮስ ግን በ885 ሞቷል። እንግዲህ ጥምቀቱን ቢቀበሉ እንኳ ዓመቱን አይቀበሉ። በ1125 የሞተው ኮስማስ ስለ ራሱ ዘመን በጻፈው ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ የበለጠ ይታመናል።

የክምችቱ እውነተኛ ጥንካሬ ማመሳከር ነው። ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 4ኛ በሚያዝያ 29 ቀን 1086 የፕራግን ሀገረ ስብከት ወሰን ያጸናበት ደብዳቤ በዲፕሎማታ (የነገሥታት ደብዳቤዎች) ክፍል ቁጥር 390 ነው። ኮስማስም በሁለተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 37 ገልብጦታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተው መስመር በመስመር ያነጻጽሩ።

ለቅዱሳን ገድል ግን ይህ ክምችት ብቻውን አይበቃም። ጉምፖልድ የጻፈው የቦሄሚያው መስፍን የቅዱስ ቬንሴስላስ ገድል በስክሪፕቶሬስ ቅጽ 4 አለ። በክርስቲያን ስም የሚታወቀውን ገድልና የጥንት ስላቮኒኩን ፎንቴስ ሬሩም ቦሄሚካሩም ከተባለው የቦሄሚያ ምንጮች ስብስብ ቅጽ 1 (1873) ይፈልጉ፤ የቼክ ትርጉምም አብሮ አለ። በዐረብኛ ጸሐፊው በአል-በክሪ በኩል የደረሰን የተጓዡ የኢብራሂም ኢብን ያዕቆብ የፕራግ መግለጫ ደግሞ ከዐረብኛ ምንጮች ነው የሚገኘው።